ሲጋራ መለኮሻ ላይ የምትሰካው ቮልት መለኪያ፦ ከ11 ወር በኋላ

ጥቅምት ላይ ከጎንደር አራዳ ገበያ ነው የገዛኋት። አውራ ጣት የምታክል፣ ሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ ላይ ተሰክታ ቮልቱን በቀይ ቁጥር የምታሳይ ዕቃ ናት። እውነት ለመናገር የፈለግኳት ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ነበር። ቁጥሩን ልብ ያልኩት ቆይቼ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ከቴስተር (ከእጅ ቮልት መለኪያ) ጋር አመሳከርኳት። ባትሪው ላይ 14.2 ሲሆን እሷ 13.9 ትላለች። ስህተት አይደለም፤ እዚያ የሚደርሰው ሽቦ በመንገዱ ትንሽ ቮልት ይበላል። እናንተም ከገዛችሁ መጀመሪያ ይህን ልዩነት እወቁ።

ጥቅሟን ያወቅሁት ክረምት ሲገባ ነው። ሰኔ መጨረሻ፣ ማታ፣ ከማክሰኚት ስመለስ ዝናቡ ያዘኝ። የፊት መብራት አበራሁ፤ 13.1። የዝናብ መጥረጊያውን ጨመርኩ፤ 12.8። መስታወቱ በእንፋሎት ሲሸፈንብኝ የንፋስ ማራገቢያውን ከፈትኩ፤ 12.5። አዘዞን አልፌ ዳገቱን ስወጣ 12.3 ደረሰ። ክሩስኮቱ (ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ) ላይ ያለችው ቀይ የባትሪ መብራት ግን ጭራሽ አልበራችም። ይቺ መለኪያ ባትኖር ባትሪው በደንብ እየተሞላ እንዳልሆነ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ የሄድኩበት ጋራዥ ኮፈኑን እንኳ በወጉ ሳያዩ «ዲናሞው አልቆለታል፣ ቀይረው» አሉኝ፤ ሞተሩ ሲሠራ ኤሌክትሪክ አምርቶ ባትሪውን የሚሞላውን ማለታቸው ነው። በጣም አዘንኩ። ወደ ቤት ተመልሼ ጎረቤታችን ላሉት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነገርኳቸው።

«የኔ ልጅ፣ ከመቀየርህ በፊት እስቲ ማሳውን እንየው» አሉኝ። ማሳ የሚሉት የባትሪውን ኔጋቲቭ ከሞተሩ ብረት ጋር የሚያገናኘውን ነው።

ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ በጣታቸው ጫን አድርገው አዩት፤ ደህና ነው። ሞተሩን አስነስተው መብራቱን አበሩና ቴስተሩን ዲናሞው ላይ፣ ኤሌክትሪኩ ከሚወጣበት ብሎን እስከ አካሉ ለኩ፤ 14.3። ባትሪው ላይ 13.2። ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው፤ ያመረተው ግን ባትሪው ጋ አይደርስም። ቀጥለው አንዱን የቴስተር ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አደረጉ። 0.9 ቮልት አነበበ። እዚያ ቦታ ከ0.2 ማለፍ የለበትም።

የማሳውን ገመድ ብሎን ሲፈቱት ከሥሩ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ረገፈ። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈተግን፣ አጥብቀን አሰርን። ንባቡ ወደ 0.05 ወረደ። ጠዋት ጠዋት ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ከብዶት የነበረውም ለዚሁ ኖሯል፤ አሁን በአንድ ቁልፍ ይነሳል።

አንድ ነገር አደራ፦ ዲናሞ ለመሞከር ብላችሁ ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ አትንቀሉ። ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ ዲናሞው ውስጥ ያለውን ዳዮድ (ኤሌክትሪኩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን) እና የመኪናውን ኮምፒውተር ያቃጥላል።

ወደ ዕቃዋ ልመለስ። እንከን አላት። ኮብልስቶን ላይ ስትንገጫገጭ ትላቀቅና ቁጥሩ ይጠፋል። ማታ ብርሃኗ ዓይን ይወጋል፤ እኔ ስስ ፕላስተር ለጥፌባታለሁ። የዳዮድ ብልሽትም እሷ ላይ አይነበብም፤ እሱን ቴስተሩን ኤሲ (ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ) ላይ አድርገው ነው የሚለኩት። ከ14.8 በላይ ካሳየቻችሁ ደግሞ ሬጉሌተሩን (የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረውን) አስፈትሹ፤ ባትሪው እየፈላ ሊሆን ይችላል።

ነሐሴን ሙሉ በዝናብ ነዳሁ። መብራት፣ መጥረጊያ፣ ማራገቢያ፣ ሁሉም ተከፍቶ ከ13.6 በታች አልወረደችም።