የውድድር ላዳ በአዲስ አበባ መሀል፦ አሉሚኒየም ራዲያተርና የኤሌክትሪክ ፋን ከወራት በኋላ

ፍርዴን ቀድሜ ልስጥ። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ጥሩ የሆነው ግን ሻጩ በሚያወራለት ነገር አይደለም። ሻጭ ሁሉ የሚያሳያችሁ የራዲያተሩን ውፍረት ነው። እኔ ከኅዳር ጀምሬ በጋውንና በልጉን ስነዳው ያየሁት ግን ሥራውን የሚሠሩት የራዲያተሩ ክዳንና ከፋኑ ዙሪያ ያለው ላሜራ መሆናቸውን ነው።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1974 ላዳ 2101 ናት። ለውድድር ያዘጋጇት የቀድሞው ባለቤት ናቸው፦ ውስጧን አራቁተው ሮል ኬጅ (ስትገለበጥ ነጂውን የሚጠብቅ የብረት ማዕቀፍ) አስገቡላት፣ ኮምፕሬሽኗን ከፍ አደረጉ፣ ዌበር የተባለውን ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ) ገጠሙላት። በሞተሩ የሚዞረውን ፋንም ክብደትና ጉልበት ለመቆጠብ አወጡት። ለውድድር ትክክል ነው፤ የሚሮጥ መኪና ንፋሱን ራሱ ያመጣል። ሰንጋ ተራ የምታድር የውድድር መኪና ግን አብዛኛውን ጊዜዋን የምታሳልፈው መብራት ላይ ቆማ ነው።

«አዲስ አበባ ደግሞ ምን ሙቀት አላት?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ እንኳ ከሰዓት በኋላ ከ25 እና 26 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። እዚህ የሚፈትነን ቴርሞሜትሩ ሳይሆን ከፍታው ነው። በ2,350 ሜትር ግድም ክዳን በሌለው ድስት ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየሩም ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ያህል ስስ ነው፤ ስለዚህ አንድ ፋን በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ያንኑ ያህል ቀላል ነው፤ የሚወስደው ሙቀትም ያንሳል። ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ ሞተሩም በስሱ አየር ምክንያት ጉልበቱ ስለሚቀንስ የሚያመነጨው ሙቀት አብሮ ይቀንሳል፤ ሁለቱ በመጠኑ ይካካሳሉ። በሚኒሞ፣ ማለትም መኪናው ቆሞ ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲዞር፣ ግን አይካካሱም። ሞተሩ ራሱን ለማዞር የሚያስፈልገው ጉልበት ቆላም ደጋም ያው ነው። አዳማ መንገድ ላይ በፍጥነት ስትሄድ የማትሞቅ መኪና ሜክሲኮ ላይ ቆማ የምትፈላው ለዚህ ነው።

የገዛሁት ሙሉ ስብስብ ነው፦ አሉሚኒየም ራዲያተር፣ የ12 ኢንች ፋን፣ ሽራውድ የሚባለው የላሜራ ከለላ፣ ክዳንና በ92 ዲግሪ አብርቶ በ87 የሚያጠፋ ስዊች። ዋጋውን አልናገርም፤ ነገ ሌላ ነውና።

መካኒኬ ላዳ ታክሲ ሞልቶ በነበረበት ዘመን የተካኑ ትልቅ ሰው ናቸው። ዕቃውን አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ይቺ መኪና ውሃ አላነሳትም፤ አየር ነው ያነሳት» አሉኝ። ፋኑን በራዲያተሩ ላይ ብቻ ለጥፈው አልገጠሙትም። መጀመሪያ ከለላውን በራዲያተሩ ጠርዝ ዙሪያ በላስቲክ አሸጉት፤ በራዲያተሩና በፊት ላሜራው መካከል ያለውን ክፍተትም ደፈኑ። አየር ቀላሉን መንገድ ስለሚመርጥ ክፍተት ካገኘ በራዲያተሩ ውስጥ ሳይሆን በጎኑ ያልፋል። ከለላ ከሌለ ደግሞ ፋኑ የሚስበው ፊት ለፊቱ ባለው ክብ ብቻ ነው፤ አራቱ ማዕዘኖች ሥራ ፈት ይቀመጣሉ።

ክዳኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ርካሹ ዕቃ እሱ ነውና። ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ውሃው ቶሎ አይፈላም፤ በድሮው ክዳን ላይ የተጻፈው የግፊት መጠን 0.5 ባር ሲሆን አዲሱ 0.9 ነው። በእኛ ከፍታ የመጀመሪያው የንጹሕ ውሃን መፍያ ወደ 106 ዲግሪ፣ ሁለተኛው ወደ 114 ያደርሰዋል። ያለ ክዳን ግን፣ ወይም ላስቲኩ ባረጀ ክዳን፣ ፋኑ በሚነሳበት በ92 ዲግሪ ውሃው መፍላት ጀምሯል ማለት ነው። ከስብስቡ ጋር የመጣው ክዳን በጋራዥ መለኪያ ሲፈተሽ ግፊት አልያዘም፤ ሌላ ሶማሌ ተራ ገዛሁ። የሚገዛ ሰው ክዳኑን ሳያስፈትሽ ባይገጥም ይሻላል። ግፊቱ ሲጨምር ያረጁ የጎማ ቱቦዎች ቀድመው ስለሚፈነዱ እነሱንም አብሮ መቀየር ነው።

መለኪያዬ ቸርችል ጎዳና ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት ከለገሃር ተነስቶ በብሔራዊ ቴአትር በኩል ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ መውጣት፤ ዳገት፣ መብራት፣ ከፊት የአውቶቡስ ጭስ። ድሮ ማዘጋጃ ሳልደርስ የሞተሩን ሙቀት እንዲቀንስልኝ የመኪናዋን የውስጥ ማሞቂያ ከፍቼ እግሬን እየጠበስኩ ነበር የምወጣው። አሁን መርፌው 90 አካባቢ ይደርሳል፣ ፋኑ ይነሳል፣ መርፌው ይመለሳል። ግንቦት ላይ በጠራራ ፀሐይም ከዚያ ብዙም አላለፈ።

ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ከራዲያተሩ የሚያግደውን ዕቃ፣ ቴርሞስታቱን፣ ብዙ ጋራዦች «አውልቀህ ጣለው» ይላሉ። ላዳ ላይ ይህ ጉዳት ነው። የላዳ ቴርሞስታት ሁለት በር አለው፤ ሆዱ ከተነቀለ አቋራጩ በር ክፍት ይቀርና ከውሃው ከፊሉ ራዲያተር ሳያይ በቀጥታ ወደ ውሃ ፖምፓው ይመለሳል። ራዲያተሩ የፈለገውን ያህል ይወፍር፣ ያልደረሰውን ውሃ አያቀዘቅዝም።

ወደ እንከኖቹ ስመጣ፣ የሽቦው ነገር አናዶኛል። አብሮ የመጣው ሽቦ ለፋኑ ስስ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት የሪሌው (የፋኑን ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋው ዕቃ) መሰኪያ ቀለጠ። በወፍራም ሽቦ፣ በ30 አምፔር ሪሌና በራሱ ፊውዝ አስቀየርኩት። ማታ የፊት መብራት በርቶ ፋኑ ሲነሳ መብራቱ ደብዘዝ ይላል፤ የላዳ ዲናሞ በሚኒሞ ብዙ ኤሌክትሪክ አያመነጭም። ድምፁም ሮል ኬጅ ባለው ባዶ መኪና ውስጥ ይሰማል፤ እኔን አይረብሸኝም፣ ባለቤቴን ግን ይረብሻታል።

ጥገናው ሌላ ነው። የመዳብ ራዲያተር ቢያፈስ በየሰፈሩ በካውያና በሊድ የሚጠግን አለ። አሉሚኒየም ሊድ አይቀበልም፤ አርጎን ብየዳ የሚችል እጅ ይፈልጋል። መዳብ ሙቀትን ከአሉሚኒየም በተሻለ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ የመዳብ ራዲያተራችሁ ንጹሕና ያልተደፈነ ከሆነ ከለላና ፋን ብቻ ጨምሩበት፣ ብራችሁ ይተርፋል። የእኔ ግማሽ ቱቦው በደለል ስለተዘጋ ምርጫ አልነበረኝም። አሉሚኒየም የገጠመ ሰው ደግሞ የቧንቧ ውሃ ባይሞላ ጥሩ ነው። እዚህ ውሃ የሚረጋበት ብርድ የለም፤ ኩላንት የሚባለው የራዲያተር ፈሳሽ የሚያስፈልገው ዝገትና መበላትን ለመከላከል ነው። እኔ ከተጣራ ውሃ ጋር አጋምሼ እሞላለሁ።

ይህ ዕቃ ያልነካው አንድ ችግር ቀርቶኛል፦ ሞተሩ ጠፍቶ ሲቆም ከታች የሚወጣው ሙቀት ካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን ያፈላዋል፤ በዚህ ከፍታ ቤንዚንም በቀላሉ ይተናል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስታስነሱ ትንገላታለች። መካኒኬ በካርቡራተሩ ሥር ሙቀት እንዳያልፍ የሚከለክል ወፍራም የባክላይት ማገጃ ሊያስገቡላት ነው፤ ፋኑንም ቁልፍ ከጠፋ በኋላ እንዲሠራ በቀጥታ ከባትሪ አገናኝተውታል። ባትሪዋ ደከም ያለ መኪና ላይ ይህን አትሞክሩ።