አዲስ አበባ ሄጄ ታላቁን ሩጫ ሮጥኩ፤ ያስተናገዱኝን ላመስግን

ከውጭ አገር ቤት ደርሶ የተመለሰ ሰው ስለ ሆቴሉ፣ ስለ ታክሲውና ስለ ምግብ ቤቱ ያወራል። እኔም የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች አንድ በአንድ ልጽፍ ተቀምጬ ነበር። ሳስበው ግን ከሁሉም የተሻለ ያስተናገዱኝ ሳንቲም ያልከፈልኳቸው ሰዎች ናቸው፦ የታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በጎ ፈቃደኞች። ስለዚህ ሌላውን ነካ ነካ አድርጌ አልፋለሁ። ስለ እነሱ ግን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ።

መቼም ታላቁን ሩጫ የማያውቅ የለም። ቢሆንም ውጭ ተወልደው ላደጉት ልጆቻችን ልንገር። የመጀመሪያው ውድድር የተካሄደው በኅዳር 1994 ዓ.ም. ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ ከአትላንታና ከሲድኒ ኦሊምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ወርቆቹ በኋላ፣ ሕዝቡ ራሱ ወጥቶ የሚሮጥበት ቀን ይኑር ብሎ ከጓደኞቹ ጋር የጀመረው ነው። ያን ቀን በወንዶች ራሱ ኃይሌ፣ በሴቶች ብርሃኔ አደሬ አሸነፉ። ያኔ 10 ሺህ ሰው ነበር የተመዘገበው። አሁን ከ40 ሺህ በላይ ሰው ይሮጣል። ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ይለዋወጣል፤ መነሻና መድረሻው ግን አብዛኛውን ጊዜ መስቀል አደባባይ ነው።

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ሩጫም የለመድኩት እዚያው በፖቶማክ ወንዝ ዳር ነው። ሰፈራችን በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የአሜሪካ ማሪን ጦር የሚያዘጋጀው የማሪን ኮር ማራቶን ይካሄዳል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1976 ጀምሮ ያለ ውድድር ነው። 42 ኪሎ ሜትሩን ጨርሰሽ አርሊንግተን ስትደርሺ ወጣት የማሪን መኮንኖች ሜዳሊያውን አንገትሽ ላይ ያጠልቁልሻል። ሮጬዋለሁ፣ እወደዋለሁም። እዚያ ሁሉም ነገር ሰዓቱን ጠብቆ ነው የሚሄደው። አዲስ አበባ ያየሁት መስተንግዶ ግን ሌላ ዓይነት ነው። ሰዉ ያናግርሻል። ስትደክሚ ዓይንሽን አይቶ ያውቅብሻል።

ከቲሸርቱ ልጀምር። ቲሸርቱ ራሱ መግቢያ ነው፤ ካልለበሽ አትሮጪም። ቶሎ ስለሚያልቅ የአክስቴ ልጅ ምዝገባው እንደተከፈተ ለሦስታችን አስመዘገበችን፦ ለእኔ፣ ለራሷና ለእናቷ። አክስቴ ስልሳ ዓመት አልፏታል። ጡረታ ከወጣች ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ትራመዳለች።

ቲሸርት ልንቀበል የሄድን ቀን ሰልፉ ጫፉ አይታይም ነበር። ግን ይንቀሳቀሳል። አንዲት በጎ ፈቃደኛ ሰልፉን ተከትላ ከላይ ወደ ታች እየተመላለሰች ሽማግሌና ነፍሰ ጡር ትፈልጋለች። አክስቴን ስታይ፣ «እናቴ፣ እርስዎ ይምጡ፤ እዚህ ጋ ወንበር አለ» አለቻት።

«እኔ ሯጭ ነኝ ልጄ፣ እቆማለሁ» አለች አክስቴ።

«እሱማ ያው እሁድ ይሮጣሉ። ዛሬ ግን ይቀመጡ።»

ተቀመጠች። ተራችን ሲደርስ ጠረጴዛው ላይ ያለው ልጅ የተመዘገበችበትን መጠን አየና ዝም ብሎ አልሰጣትም። «እናቴ፣ ከውስጥ ሹራብ ይለብሳሉ?» ብሎ ጠየቃት። «ጠዋት ብርድ ነው። ሹራብ ካለ ይቺ ትጠብዎታለች» አለና ከፍ ያለ መጠን አምጥቶ ከትከሻዋ ጋር ለካላት። ከኋላችን ስንት ሰው ቆሟል፤ ቀኑን ሙሉ ሲያድል የዋለ ልጅ ነው። እኔ ብሆን መጠየቄንም እንጃ።

ሆቴሉን በአጭሩ ልጨርሰው። ስሙን አልጠራም፤ ቦሌ አካባቢ ነው። ከአክስቴ ቤት ይልቅ ለመስቀል አደባባይ ይቀርባል ብዬ የውድድሩን ዋዜማ ሦስታችንም እዚያ አደርን። ሂሳቡ በዶላር ነው፣ ቀላልም አይደለም። ማታ እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ሰው፣ «ነገ ሯጮች አሉን፣ ቁርስ በ11 ሰዓት ተኩል እናቀርባለን» ብሎ ቃል ገባልን። ሌሊት ስንወርድ ወጥ ቤቱ ተቆልፏል። የሚጠየቅ ሰውም የለም። በር ላይ ያለው ጥበቃ ነገሩ ሲገባው የራሱን ፔርሙስ ከፍቶ ሻይ ቀዳልን። ዳቦውንም ቆርሶ ሰጠን። አይሆንም ብንለው፣ «በባዶ ሆዳችሁማ አትሮጡም» ብሎ ተቆጣን። እግዜር ይስጠው። ለእኔ ለሆቴሉ የሚሰጠው ነጥብ በሙሉ የእሱ ነው።

ከቦሌ እስከ መስቀል አደባባይ በእግራችን ሄድን። መንገዱ ዝግ ስለሆነ ታክሲ የለም፤ ባይኖርም ይሻላል። ገና ሳይነጋ ከየቅያሱ አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሰ ሰው ይወጣል። ቡድን ቡድን ሆኖ እየዘፈነ ነው የሚሄደው። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች፣ የትምህርት ቤት ጓደኞች፣ እናትና ልጅ። ኅዳር የታወቀ ብርድ ነው። ውድድሩ ብዙ ጊዜ የሚውለው ደግሞ በኅዳር ሚካኤል ሰሞን ነው። ብዙ ሕዝብ ከፈጀው ከ1911 ዓ.ም. የጉንፋን ወረርሽኝ፣ ከኅዳር በሽታ ወዲህ፣ ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ ያጥናል። ከውጭ የመጣ ሳንባ ጭሱንም ከፍታውንም እኩል ነው የሚያገኘው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ማራቶን የጨረስኩ ሰው 10 ኪሎ ሜትር ምን ያደርገኛል ብላችሁ እንዳትመጡ። ቀደም ብላችሁ ግቡ፣ ሳንባችሁ ይልመድ።

አደባባዩ ላይ ሯጩ በሁለት ማዕበል ይከፈላል። አረንጓዴው በአንድ ሰዓት ውስጥ እጨርሳለሁ ለሚል ነው፤ ቀዩ ለሌላው ሰው። እኔ በአረንጓዴው ገባሁ፣ አክስቴና ልጇ በቀዩ። ያን ሁሉ ሕዝብ ማን እንደሚለየው ታውቃላችሁ? እጅ ለእጅ ተያይዘው የቆሙ ልጆች ናቸው። ከኋላ ሰው ይገፋል፣ ይዘፈናል፣ ይዘለላል። እነሱ ጀርባቸውን ሰጥተው አይቆሙም። ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው፣ «ትንሽ ነው የቀረው፣ ቀስ በሉ፣ ልጅ አለ መሃል» እያሉ ይለምናሉ። አንዱ ድምፁ ጠፍቶ በእጁ ነበር የሚያወራው። ፖሊሶቹም እንደዚያው ናቸው። ፈትሾ የሚያሳልፍ ፖሊስ «መልካም ሩጫ» ሲል መስማት ደስ ይላል።

ሩጫው ውስጥ ስትገቡ ግማሹ ሰው ይሮጣል፣ ግማሹ ይጨፍራል። በየመንገዱ ሙዚቃ አለ። እስክስታ ሊወርድ የሚቆም ስላለ ሰዓት ለማሻሻል የመጣ ሰው ትዕግሥት ይያዝ። እኔም ከተወሰነ በኋላ ሰዓቴን ማየት ተውኩ።

ውሃው ላይ ግን ልቆም። ትልቅ ውድድር ላይ ውሃ ማደል እንዴት ከባድ እንደሆነ አሌክሳንድሪያ ሰፈራችን ባሉ ትንንሽ ሩጫዎች ላይ ቆሜ ስላደልኩ አውቀዋለሁ። ሰው በአንዴ ይጎርፋል። ሁሉም የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ይረባረባል፣ ይፈሳል፣ ያንሸራትታል። እዚህ ያሉት ልጆች የሃይላንዱን ክዳን ቀድመው ላላ አድርገውታል። እየሮጥሽ ስትቀበዪ በላብ እጅሽ አትታገዪም። ከዚያም ጠረጴዛው ጋ አልቆሙም፤ ውሃውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደፊት ተበታትነው ወጥተዋል። ሯጩ ሳይቆም ይቀበላል። አንዷ ውሃውን ስትሰጠኝ ጣቷ እጄን ነካኝ። በረዶ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ካርቶን ስታወርድ ያደረች እጅ ነው። «በርቺ እህቴ፣ ዳገቷ አለቀች» አለችኝ። ዳገቷ አላለቀችም ነበር። ግን ወጣኋት።

ዳገቱ መሃል አንድ ጎልማሳ ባቱን ይዞ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለ። እጄን ልሰጠው ዘወር ስል ሁለት የቀይ መስቀል ወጣቶች ደርሰዋል። አንዱ ከኋላ ቆሞ ሯጩን በእጁ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ይከፍላል፣ ማንም እንዳይረግጠው። ሌላው ተንበርክኮ ጫማውን ፈታለት። ተረከዙን መዳፉ ላይ አስቀምጦ ጣቶቹን በቀስታ ወደ ላይ ገፋለት። «ጋሼ ይተንፍሱ፣ አይያዙት» ይለዋል። ካልሲው በላብ የራሰ ነው። ልጁ ፊቱን እንኳ ቋጠር አላደረገም። እንዲህ ያለ እንክብካቤ በገንዘብም አይገኝም። በማግስቱ ለእግሬ ብዬ የገባሁበት ማሳጅ ቤት ሰውየው ስልክ እያወራ ነው ያሸኝ፤ ስለዚህ ከልቤ ነው የምለው።

ጨርሼ ሜዳሊያዬን ከወሰድኩ በኋላ አክስቴን ለመጠበቅ መድረሻው አካባቢ ቆየሁ። ፈጣኖቹ ሲገቡ የሚጮኸው ሕዝብ ይበተናል። ካሜራው ይሄዳል። ፀሐዩ ይከራል። ሰው ግን ገና እየመጣ ነው። እየተራመዱ የሚመጡ፣ ልጅ ትከሻ ላይ ያደረጉ፣ በክራንች የሚመጡ አሉ። ሜዳሊያ የሚሰጡት ልጆች የመጀመሪያውን ሰው በተቀበሉበት ጉልበት የመጨረሻዎቹንም ይቀበላሉ። ለእያንዳንዱ ሰው «እንኳን ደስ አለህ፣ እንኳን ደስ አለሽ» ይላሉ። ሺህ ጊዜ ብለውታል፤ ሺህ አንደኛውም ላይ ዓይን ዓይን እያዩ ነው።

አክስቴ ስትመጣ አንዱ ሮጦ ሄዶ ደግፎ ሊያመጣት እጁን ዘረጋ። «ልቀቀኝ፣ ራሴ ነው የምገባው» አለችው። ለቀቃትና ከጎኗ እያጨበጨበ አብሯት ገባ። ሜዳሊያውን ያጠለቀችላት ልጅ ጎንበስ ስትልላት ጉንጯን ስማ፣ «እደጊ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ» ብላ መረቀቻት። ልጅቷ «አሜን» አለችና ዓይኗን ጠረገች። እኔም እንደዚያው።

ያቺን ልጅ ጠጋ ብዬ አናገርኳት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታ ነው የመጣችው። ለምን በጎ ፈቃደኛ እንደሆነች ስጠይቃት፣ «ቲሸርት አልቆ ሳይደርሰኝ ቀረ። ቤት ተቀምጬ በቴሌቪዥን ከማይ እዚሁ ልሁን አልኩ» አለችኝ። ሌላ ምክንያት አልደረደረችም። ቁርስ በልታ እንደሆነ ስጠይቃት ሳቀች። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረውን ተምር ሰጠኋት፤ ወስዳ ለጓደኞቿ አካፈለች።

የሚታዩትን አመሰገንኩ። የማይታዩትም አሉ። እንዲህ ያለ ቀን ስንት ወር እንደሚፈጅ ትንሽም ብትሆን ውድድር ያዘጋጀ ሰው ያውቃል። መንገድ ማዘጋት፣ ከፖሊስና ከከተማው ጋር መነጋገር፣ አምቡላንስ የት ይቁም ማለት፣ ውሃውን በሌሊት ማድረስ። ዋዜማው ላይ ደግሞ የልጆች ሩጫ አለ። የወንድሜ ልጅ ሮጦ ሲጨርስ እናቱን አጥቶ ማልቀስ ሲጀምር አስተባባሪዋ ከሕዝቡ መሃል በትከሻዋ አንስታ ከፍ አድርጋ አሳየችን። ወዲያው አገኘነው።

ሩጫው ሲያልቅ ደግሞ መንገዱ በሃይላንድና በካርቶን ተሸፍኖ ይቀራል። የጽዳት ሠራተኞቹ ወዲያው ገቡ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጠምጥመው። ፕላስቲኩን ለቁራሌው የሚሸጡ ልጆችም በየከረጢታቸው ይለቅማሉ። ከሰዓት በኋላ በዚያው ስናልፍ መኪና እንደ ወትሮው ይሄድ ነበር። ሜዳሊያ አንገቴ ላይ እንዳለ አንዷን ጠራጊ «እናመሰግናለን» ስላት፣ «ደርሰሽ ነው? ጎሽ!» አለችኝ።

ከውጭ ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት ነገር ልንገራችሁ። ምዝገባውን አገር ቤት ላለ ዘመድ ቀድማችሁ ንገሩ። ለሆቴሉ ቁርስ አትመኑ፤ ማታ ዳቦና ሙዝ ገዝታችሁ ግቡ። ሰዓታችሁን የምታሻሽሉበትን ውድድር ሌላ ቦታ ፈልጉ። የማትለብሱት ግን ደህና የሆነ የሩጫ ጫማ ካላችሁ ሻንጣ ውስጥ ክተቱ፤ የሚሰጠው ሰው አይጠፋም። ውሃ ስትቀበሉ ትንፋሽ ቢያጥራችሁም «አመሰግናለሁ» ማለት ይቻላል፤ ሞክሬዋለሁ።

ኅዳር የማይመቻችሁ ሴቶች መጋቢት ላይ ቅድሚያ ለሴቶች የሚባለው 5 ኪሎ ሜትር አለላችሁ። እንደ ፈረንጆቹ ከ2004 ጀምሮ ያለ ነው፤ እነዚሁ አዘጋጆች ናቸው የሚያካሂዱት። አክስቴ ለእሱ አስመዝግቢኝ ብላ ትናንት ደውላለች። ልጇ ግን በዚህኛው አትሮጥም። ውሃ ከሚያድሉት ጋር ለመቆም ስሟን ልታስጽፍ ነው።