ለሚረሱ እናት፦ ሲቲ ስካን ወይስ ኤምአርአይ?

ደሴ ውስጥ እናታቸው አቦሉን ጠጥተው ሳይጨርሱ «ቡና አይፈላም እንዴ?» እያሉ የሚደጋግሙባቸው ልጆች የጭንቅላታቸው ምስል በየትኛው ይነሳ ብለው ይጠይቃሉ።

ሲቲ ስካን፦ ዋጋው ይቀንሳል፣ በደቂቃዎች ያልቃል። ጭንቅላት ውስጥ የፈሰሰ ደም ወይም እጢ ካለ ቶሎ ያሳያል። ጨረር አለው፤ በእሳቸው ዕድሜ ግን ብዙም አያሳስብም።

ኤምአርአይ፦ ውድ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል በሚጮህ ጠባብ ማሽን ውስጥ ሳይነቃነቁ መተኛት ይጠይቃል፤ ግራ ለገባቸው እናት ይሄ ከባድ ነው፣ አይዞዎት ባይ ያስፈልጋቸዋል። በአልዛይመር (የመርሳት በሽታ) ቀድሞ መኮማተር ከሚጀምሩት የአንጎል ክፍሎች አንዱን፣ ለማስታወስ የሚያገለግለውን ሂፖካምፐስን፣ ግን ጥርት አድርጎ ያሳያል።

ሁለቱም ብቻቸውን አልዛይመርን አያረጋግጡም።

መርሳቱ ድንገት ከመጣ ወይም ወድቀው ከነበረ፣ ሲቲ ዛሬውኑ። ለዓመታት ቀስ እያለ ከመጣና አቅም ካለ፣ ኤምአርአይ። አቅም ካጠረ ሲቲው ከቫይታሚን ቢ12 እና ከታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) የደም ምርመራ ጋር ይሁን፤ መርሳቱ ከቢ12 እጥረት ወይም ከታይሮይድ ችግር ከመጣ በሕክምና ሊሻል ይችላል።