ማርሽና ፍሪሲዮን ያስቸገራችሁ ሰዎች፣ እኚህን መካኒክ ሳታዩ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) አታስወርዱ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው ከልቤ ለማመስገን ነው። እንደኔ ብሩንም እንቅልፉንም ያጣ ሰው ካለ ደግሞ እንዲያነበው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

መኪናችን አሮጌ ኮሮላ ናት፣ ማንዋል። የአባቴ ነበረች። መንዳት ያስተማረኝም በእሷ ነው። "እግርሽን ፍሪሲዮን ላይ አታሳርፊ፣ ረግጠሽ ቀይሪና ልቀቂ" ይለኝ ነበር። ካረፈ አራት ዓመት ሆነው፤ ዳገት ላይ ስቆም እስካሁን ድምፁ ይሰማኛል። ሽጫት የሚሉኝ አሉ። የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ሸጬ ምን ልገዛበት? ቢፈቀድም አልሸጣትም።

ነገሩ የጀመረው ከገና በኋላ ነው። ጠዋት ጠዋት አንደኛ ማርሽ አልገባም ይላል። የኋላ ማርሽ ሳስገባ ደግሞ ብረት ከብረት የሚፋጭበት ድምፅ ያወጣል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ሰፈራችን ወዳለ ጋራዥ ወሰድኳት። አንዱ ገብቶ ትንሽ አንቀሳቀሳትና ወረደ። "የፍሪሲዮኑ ሸራ ተቃጥሏል፣ ሙሉ ሴቱ ይቀየር" አለ። ለምን ተቃጠለ ብዬ ስጠይቀው፣ እኔን ትቶ አብሮኝ የመጣውን የአክስቴን ልጅ እያየ "ሴት ስትነዳ ያው ነው" አለው። አሥራ አራት ዓመት ነድቻለሁ። ዝም አልኩ። ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ ዝም ማለቴ ነው። ከ20 ሺህ ብር በላይ ከፈልኩ። ሦስት ቀን የተባለው ዘጠኝ ቀን ሆነ። ሁለት ሳምንት ደህና ሄደች፣ ከዚያ ያው ድምፅ ተመለሰ። ሄጄ ስጠይቅ "አነዳድሽን አስተካክይ" ተባልኩ።

ሁለተኛው ቦታ ሰዎቹ ጨዋ ይመስላሉ፣ ሻይም ጋብዘውኛል። ግን ኮፈን እንኳ ሳይከፍቱ "ካምቢዮው ነው የሞተው፣ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ እናመጣልሻለን" አሉኝ። የጠሩት ዋጋ የስንት ወር ደመወዜ ነው። ላስብበት ብዬ ወጣሁና መኪናዋ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

በዚህ መሀል የካቲት 16 ደረሰ። እናቴ በኪዳነ ምሕረት ቀን እንጦጦ ሳትሳለም መዋል አይሆንላትም። ሽሮ ሜዳን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ፊት ለፊቴ ያለው ሚኒባስ ቆመ። አንደኛ ላስገባ ስል የፍሪሲዮኑ ፔዳል ወለሉ ድረስ ሰመጠ፣ ማርሹም በጄ አልል አለ። ከኋላ ጡሩምባ በጡሩምባ ሆነ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ "እመብርሃን፣ እመብርሃን" ትላለች። በፍሬን ይዣት እግሬ ይንቀጠቀጣል። አንድ የላዳ ሹፌር ወርዶ ድንጋይ አምጥቶ ከኋላ ጎማው ሥር ወሸቀልኝ። ከዚያ በመስኮት ጎንበስ ብሎ "አይዞሽ እህቴ፣ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ረገጥ ረገጥ አድርጊው" አለኝ። አምስት ስድስቴ ረገጥኩት። ገባ! የኚህን መካኒክ ስልክ የሰጠኝ እሱ ነው። ከድንጋጤዬ ብዛት ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

በማግስቱ ጎፋ ሄድኩ፣ እናቴም አልቀርም ብላ አብራኝ መጣች። ጋራዥ ቢባልም በቆርቆሮ የታጠረች ጠባብ ግቢ ናት። ጋሼ (ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል) መኪናዋን ከማየታቸው በፊት ያለቻቸውን አንድ ወንበር ብድግ አድርገው ጥላው ሥር ለእናቴ አስቀመጡላት። የእናቴ ነጠላ ግራሶ እንዳይነካው ብለው ንጹሕ ጋዜጣ አነጠፉበት። ማንም አልጠየቃቸውም። ከዚያ ወደኔ ዞሩና "በይ ልጄ፣ ከመጀመሪያው ንገሪኝ" አሉ።

ከወር በላይ ይህን ያለኝ ሰው አልነበረም። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ስጨርስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ስትደጋግሚው ይሻለዋል?" አዎ አልኳቸው። "እንግዲያው ሞተሩን አጥፊና ማርሾቹን በሙሉ አስገቢ" አሉ። ከአንደኛ እስከ አምስተኛ፣ የኋላውም ጭምር፣ ምንም ሳያንገራግር ገባ። "አሁን አስነሺ።" አስነሳሁ፣ ያው ፍጭት። "አየሽ? የካምቢዮ ችግር ቢሆን ጠፍቶም ባስቸገረሽ ነበር። ፍሪሲዮኑ ነው ሞተሩን ከካምቢዮው በደንብ የማያላቅቀው" አሉኝ። ደቂቃ አልፈጀባቸውም። እኔ ለዚህች መኪና ካምቢዮ ልገዛላት ነበር!

ካርቶን ዘርግተው ከሥር ገቡ። ረዳታቸው ፔዳሉን እየረገጠ እሳቸው ከታች "ነይ ልጄ፣ አንቺም እዪው" ብለው ጠሩኝ። ቀሚሴን ሰብስቤ ተንበረከክሁ። ጣታቸውን አሳዩኝ፣ በጠቆረ ፈሳሽ ርሷል። የፍሪሲዮኑ የታችኛው ፓምፕ ነው አሉ፣ ሌላም ሌላም አስረዱኝ፣ ዝርዝሩ አልገባኝም። የገባኝ ከውስጡ አውጥተው መዳፌ ላይ ያስቀመጡልኝ ጎማ ነው። ትንሽ፣ ክብ፣ ጠርዙ የተቀደደ። ያን ሁሉ ቀን ያስለቀሰችኝ እሷ ናት።

ረዳቱ ሄዶ ገዝቶ መጣ፣ ቀየሩ፣ አዲስ ዘይት ሞሉ፣ አየሩን አስወጡ። ሒሳቡ ከነዕቃው 1,800 ብር። የዕቃውን ደረሰኝ ሳልጠይቅ ሰጡኝ። ጨምሬ ልስጥ ብል ወይ ፍንክች። ስለመጀመሪያው ጋራዥ ሳማርርባቸው ደግሞ "ያኔ ሸራውን ስላላየሁት አልፈርድም፣ አልቆም ሊሆን ይችላል" ብለው ዘጉት። የማንንም ስም አላነሱም።

ልንሞክራት አብረን ወጣን፣ እኔ ነዳሁ። ስንመለስ "አነዳድሽ ጥሩ ነው፣ እግርሽ ፍሪሲዮን ላይ አያርፍም። ማን አስተማረሽ?" አሉኝ። አባቴ ማለት አቃተኝ። እናቴ ከወንበሯ ሆና "አባቷ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና" አለችላቸው።

ከዚያ ወዲህ እንጦጦ ሁለቴ ወጥተናል። አንደኛ ስትገባ ድምፅ የላትም።

ወገኖቼ፣ ማርሽ አልገባ ያላችሁ፣ ፔዳሉ የሰመጠባችሁ፣ እባካችሁ እሳቸውን ሳታዩ ብር አታውጡ። ሴቶች እህቶቼ፣ እናንተ በተለይ ሂዱ። ሰው እንደ ሰው ያናግራሉ፣ የሚሠሩትንም ያሳያሉ። በእውነት እጃቸው ይባረክ። እድሜና ጤና ይስጥልኝ ጋሼ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ከሥራ ስወጣ ለሁሉም እልካለሁ። ቅዳሜ የሚሠሩት እስከ ቀትር ነው፣ እሁድ ዝግ ናቸው። ግቢያቸው ከሁለት መኪና በላይ ስለማይዝ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉላቸው።