ኬክ ጭኜ የፈተንኳቸው የማፕ አፖች፣ አዲስ አበባ ላይ የቱ ይሰራል

ቤቴ ኬክና ድፎ ዳቦ እሰራለሁ፣ ትዕዛዝ በቴሌግራም እቀበላለሁ፣ የማደርሰውም ራሴ ነኝ በቪትዜ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ሰባት ስምንት ቤት እሄዳለሁ እና አብዛኛው ከዛ በፊት ረግጬው የማላውቀው ሰፈር ነው። ስለዚህ ማፕ ለኔ እንደ ኦቨኑ የስራ እቃ ነው፣ ሁለቱም ከተበላሹ ስራ ይቆማል። አምስት አፕ ጭኜ እያፈራረቅኩ ስጠቀም ከርሜያለሁና የታዘብኩትን ልጻፍ፣ በተለይ መኪና ለምትነዱ፣ ዴሊቨሪ ለምትሰሩ እና አዲስ ሰፈር ለገባችሁ።

መጀመሪያ ግን የከተማችንን ነገር እናንሳ። አፖቹ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ባለበት ከተማ ነው ያደጉት። የኔ መታወቂያ ላይ የቤት ቁጥር የሚለው ቦታ ላይ የተጻፈው "አዲስ" የሚል ነው፣ የብዙ ሰውም እንደዛ ነው። መንገዶቻችን ስም የላቸውም ማለቴ አይደለም፣ አላቸው፣ ግን አፍሪካ ጎዳና ብላችሁ ታክሲ ብትጠይቁ ማን ይሰማችኋል፣ ቦሌ መንገድ ነው። ደንበኛ አድራሻ ስጠይቃት የምትልክልኝ "ሰሚት ፍየል ቤት ስትደርሺ ወደ ውስጥ ትገቢያለሽ፣ ሁለተኛው ቅያስ፣ ኮብልስቶኑን ይዘሽ ነይ፣ ሱቁ ጋር ስትደርሺ ደውዪልኝ" ነው። ይሄ ድሮ ይሰራ ነበር። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ግን ፒያሳም ካዛንቺስም እኛ ለምልክት የምንጠራቸው ቤቶች ፈረሱ፣ መታጠፊያው ተቀየረ፣ የታክሲ መያዣው ተዛወረ፣ እና በቃ "ከድሮው እንትን ፊት ለፊት" የሚለው አድራሻ ለማያውቅ ሰው ምንም ማለት አይደለም።

አንድ ቀን የልደት ኬክ ይዤ አንዱ አፕ (ስሙን አልጠራም) ግራ ታጠፊ አለኝ ታጠፍኩ፣ መንገዱ ተቆፍሮ በቆርቆሮ ታጥሯል፣ ወደ ኋላ ብዬ ሌላ ስሞክር ያም ዝግ፣ ዳታው ደግሞ እዛው ጠፋ፣ ስክሪኑ ላይ ባዶ ግራጫ ነገር ብቻ ቀረ። ሃምሳ ደቂቃ ዞርኩ። ክሬሙ ሟሟ፣ ልጅቷ ሻማ ልታጠፋ እየጠበቀች ነበር፣ እናትየዋ ምንም አልተናገረችኝም ግን ፊቷን አልረሳውም። ከዛ ቀን በኋላ ነው ማንኛውንም አፕ በሁለት ጥያቄ ብቻ መመዘን የጀመርኩት፣ ሰው አፉ ላይ ያለውን ስም ያውቃል ወይ፣ ኔትወርክ ሲጠፋስ ይሰራል ወይ።

ጉግል ማፕ በመጀመሪያው ጥያቄ አንደኛ ነው፣ ምንም ክርክር የለውም። ሱቁ፣ ክሊኒኩ፣ ካፌው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ባለቤቶቹና ደንበኞቹ ራሳቸው እያስገቡት ስለሆነ ፍለጋ ላይ ብዙ ነገር ይገኛል፣ ፎቶም አለው፣ ስልክ ቁጥርም አለው። ሁለተኛው ትልቅ ነገሩ ትራፊኩ ነው። ቀዩና ብርቱካናማው መስመር የሚመጣው መንገድ ላይ ካሉ ስልኮች እንቅስቃሴ ነው፣ ብዙ ስልክ ቀስ እያለ ከሄደ መስመሩ ቀይ ይሆናል። አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት ልውጣ ወይስ በሌላ ልዙር የሚለውን ከቤት ሳልወጣ አይቼ ነው የምወስነው። የማታውቁ ካላችሁ፣ መነሻ ሰዓት ቀይራችሁ "ቅዳሜ በዚህ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ስንት ደቂቃ ይፈጃል" ብላችሁም ማየት ትችላላችሁ፣ እኔ የማድረሻ ሰዓት የምቀጥረው በሱ ነው። ሰዓቱን ግን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሱት፣ 14፡30 ትደርሻለሽ ሲለኝ ለደንበኛዬ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው የምላት፣ መጀመሪያ አካባቢ ይሄን ያምታታሁባት ደንበኛ አለች።

ኦፍላይንስ? አለው፣ አካባቢውን መርጣችሁ ዳውንሎድ ታደርጋላችሁ። ነገር ግን ዳታ ሳይኖር የሚመራው መኪና ብቻ ነው፣ የእግር መንገድ አይሰጥም፣ ትራፊኩም አብሮ ይጠፋል፣ ደግሞ የወረደው ማፕ ጊዜ አለው፣ ካልታደሰ ያልፍበታል። ለኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው ምክንያቱም የመጨረሻዎቹ 200 ሜትሮች ናቸው ሰው የሚያስለቅሱት፣ መኪናውን አስፓልት ዳር አቁሜ ኬኩን ታቅፌ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስገባ።

እዛ ላይ ነው ኦርጋኒክ ማፕስ የሚመጣው። ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ስነግራቸውም ምንድነው እሱ ይሉኛል፣ ስለዚህ ትንሽ ላብራራ። ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባል በፈረንጆች 2004 እንግሊዝ ሀገር የተጀመረ ማንም ሰው ገብቶ የሚስለው የዓለም ካርታ አለ፣ እንደ ዊኪፒዲያ በሉት። ኦርጋኒክ ማፕስ፣ ማፕስ ሚ እና ኦስማንድ ሦስቱም ከዛ ነው የሚቀዱት። ማፕስ ሚን መጀመሪያ የሰሩት ልጆች ከተሸጠ በኋላ እንደገና ማስታወቂያ የሌለው፣ የት እንደሄዳችሁ የማይከታተል አድርገው ያወጡት ነው ኦርጋኒክ ማፕስ ማለት። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ኢትዮጵያን አንዴ ታወርዳላችሁ፣ ከዛ በኋላ ዳታ ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁም ፍለጋውም፣ የመኪና መንገዱም፣ የእግር መንገዱም ይሰራል። የእግር መንገዱ ነው የገረመኝ! በግቢ መሃል የሚያልፈው አቋራጭ፣ ደረጃው፣ ከኋላ ያለው ትንሽ በር፣ ሰፈሩ ውስጥ አንድ ሰው ገብቶ ካስገባው አለ። አንዳንድ ኮንዶሚኒየም ላይ የብሎክ ቁጥር ሁሉ ተጽፏል፣ ብሎክ 47 ብላ ለነገረችኝ ሴት ጥበቃውን ሳልጠይቅ በሩ ላይ ደርሼ አንኳኳሁ።

ድክመቱም ይነገር። ትራፊክ አያውቅም፣ ስለዚህ አርብ ማታ መገናኛን ባዶ መንገድ እንደሆነ አድርጎ ነው ደቂቃ የሚቆጥርላችሁ። ሱቅና ካፌም ከጉግል በጣም ያነሰ ነው ያለው። እና ሰፈሩን የሳለው ሰው ከሌለ የለም በቃ፣ አንዱ ኮንዶሚኒየም በቁጥር ተሞልቶ ጎረቤቱ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ኦስማንድ ከዚያው ካርታ ነው ግን እጅግ ብዙ ነገር አለው፣ ዳገትና ቁልቁለቱን መስመር በመስመር ማሳየት፣ የሄዳችሁበትን መመዝገብ፣ ምናምን። እንጦጦ ለሚወጣ፣ ብስክሌት ለሚነዳ ወይ ለመስክ ስራ ክፍለ ሀገር ለሚሄድ ሰው ከልቤ እመክረዋለሁ። ለኔ ግን መሪ ይዤ እያለሁ ሜኑው በዛብኝ። አንድሮይድ ላይ ነጻው ቨርዥን የምታወርዱት ማፕ ቁጥር ገደብ አለው፣ ኢትዮጵያን ብቻ ለሚፈልግ ግን አያሳስብም። ማፕስ ሚ አሁንም ይሰራል፣ ማስታወቂያ ካላስቸገራችሁ፣ ኦርጋኒክ እያለ ግን ምን አደከመኝ።

ዌዝን ያስጫነኝ ሜሪላንድ የሚኖረው ወንድሜ ነው፣ እሱ ያለ ዌዝ ከቤት አይወጣም፣ ፊት ለፊት ፖሊስ አለ፣ ካሜራ አለ፣ አደጋ አለ እያለ ይነግረዋል፣ እዛ ያሉ የኛ ልጆች ኡበር ሲሰሩ ብዙዎቹ እሱን ይወዱታል። ጉግል በፈረንጆች 2013 የገዛው የእስራኤል ስራ ነው። ነገሩ ግን በአብዛኛው የቆመው ተጠቃሚው በሚያስገባው ወሬ ላይ ነው፣ ብዙ ሹፌር በማይጠቀምበት ከተማ የሚነግራችሁ ትንሽ ነው፣ በእግር መሄጃም የለውም፣ ያለ ዳታም ማፕ አውርዳችሁ የምትሄዱበት ነገር የለውም። ለዋሽንግተን አካባቢ ሰው ጥሩ ነው፣ እኔ አጠፋሁት።

አሁን ስለ ፍለጋ የምለው አለኝ፣ ይሄ የኛ ፊደል ጉዳይ ስለሆነ ሌላ ማንም አይነግራችሁም። ሳር ቤት አንዱ በ"ሳ" ሌላው በ"ሣ" ይጽፈዋል፣ ኡራኤልም ዑራኤልም አለ፣ ሐዋሳም ሀዋሳም አዋሳም አለ። ለእኛ አንድ ነው፣ ለአፕ ግን የተለያየ ፊደል ነው፣ በአንዱ ስትፈልጉ ካጣችሁት በሌላው ሞክሩ። በላቲን ፊደል ስትጽፉ ደግሞ ይብሳል፣ ገርጂን ሰው አራት አይነት አድርጎ ነው የሚጽፈው። ሌላው ቤተክርስቲያን ነው፣ "ማሪያም" ብላችሁ ብቻ አትፈልጉ፣ ከተማው ሙሉ ማሪያም ነው፣ "ገርጂ ማሪያም" ብላችሁ ከሰፈሩ ጋር አያይዙት።

እውነቱን ለመናገር ግን እኔ ስም መፈለግ ትቻለሁ ማለት ይቻላል። አሁን ትዕዛዝ የምቀበለው ፒን (ማፕ ላይ ቦታውን የምታሳየው ምልክት) ከተላከልኝ ብቻ ነው። ቴሌግራም ላይ ሎኬሽን የሚለውን ነክታችሁ የቆማችሁበትን መላክ ነው፣ ስከፍተው የትኛው ማፕ ላይ እንደምፈልግ ይጠይቀኛል። ላይቭ ሎኬሽንም አለ፣ 15 ደቂቃ፣ 1 ሰዓት ወይ 8 ሰዓት መርጣችሁ ስትንቀሳቀሱ ይታያል፣ ኬክ ይዤ ስወጣ እኔ ራሴ የ1 ሰዓቱን ለደንበኛዋ እልካለሁ፣ "እህቴ የት ደረስሽ" የሚለው ስልክ ቀረልኝ፣ እየነዳሁ ማውራትም ቀረ (ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ክልክል ነው፣ 300 ብርም ቢሆን አውጥታችሁ ማስቀመጫ ግዙ)። አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ ፒኑን ቤታችሁ ሆናችሁ ላኩ እንጂ ከቢሮ ሆናችሁ አትላኩ፣ ቢሮዋ ሄጄ የጠበቅኳት ሴት አለች።

የማደርሰው ስማርት ስልክ የሌላት እናት ቤት ከሆነ ደግሞ ፕላስ ኮድ ይረዳል። ጉግል ማፕ ላይ ቦታውን ጣታችሁን አድርጋችሁ ብትይዙት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለ አጭር ኮድ ያወጣል፣ 14 ሜትር በ14 ሜትር የሚሆን ቦታ ነው የሚያመለክተው፣ የመንገድ ስምም የቤት ቁጥርም አይፈልግም። አንዲት ደንበኛዬ የእናቷን ቤት ኮድ ጽፋ ሳሎን ግድግዳው ላይ ለጥፋላቸዋለች፣ እሳቸው አንብበውልኝ ነው የገባሁት።

ሰው የሚሳሳትበት ነገር ደግሞ ጂፒኤስ ኢንተርኔት ይፈልጋል ብሎ ማሰቡ ነው። አይፈልግም። ስልኩ ከሳተላይት ነው የሚቀበለው፣ ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ካርታውን ለማምጣት ነው፣ ካርታው ወርዶ ከተቀመጠ ሰማያዊዋ ነጥብ ትሄዳለች። ዳታ ሲጠፋ መጀመሪያ ቦታውን እስኪይዝ ትንሽ ሊቆይ ይችላል፣ ያኔ ከጣሪያ ስር ወጥታችሁ ጠብቁት። ሜዳ ላይ ወደ 5 ሜትር አካባቢ ነው የሚሳሳተው፣ ፎቅ በበዛበት ግን ሲግናሉ ከግድግዳ ስለሚነጥር ነጥቧ ትዘላለች። ቀለበት መንገድ ላይ ዋናው ውስጥ ናችሁ ወይስ የጎኑ ላይ የሚለውን፣ መገናኛ ከላይ ናችሁ ወይስ ከታች የሚለውን ማንኛውም አፕ ሊያምታታው ይችላል፣ እዛ ቦታ ላይ ስክሪኑን ሳይሆን ዓይናችሁን እመኑ፣ የመንገድ ምልክቱን እዩ።

መኪና ለሌላችሁም ይጠቅማል። እህቴ ታክሲ ስትይዝ አዲስ ሰፈር ከሆነ ኦርጋኒክን ከፍታ ነጥቧን ትከተላለች፣ ልትደርስ ስትል "ወራጅ አለ" ትላለች፣ ረዳቱን አስር ጊዜ ደረስን ወይ ብላ መጠየቅ ቀረላት፣ በተለይ ማታ ሲሆን መስኮቱ ጨለማ ስለሆነ ለሴት ልጅ ትልቅ ነገር ነው፣ ሰፈሩን እንደማታውቀው ማንም አያይባትም።

ስለዚህ ስልኬ ላይ የቀሩት ሁለት ናቸው። ከቤት ሳልወጣ ጉግል ማፕ ላይ ትራፊኩን አይቼ በየት እንደምሄድ እወስናለሁ፣ አስፓልቱን በሱ እሄዳለሁ፣ ሰፈሩ ውስጥ ስገባ ወይ ኔትወርኩ ሲደክም ኦርጋኒክ ማፕስን እከፍታለሁ። ሁለቱም ነጻ ናቸው።

እና ኦርጋኒክ ላይ የጎደለ ስታገኙ እዛው አፑ ውስጥ ማስገባት ትችላላችሁ፣ የኦፕን ስትሪት ማፕ አካውንት በነጻ ትከፍታላችሁ፣ ቦታውን ነክታችሁ ስሙን ወይ ቁጥሩን ትጽፋላችሁ፣ ማፑ ሲታደስ ለሁሉም ሰው ይወጣል። እኔ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም አንድም የብሎክ ቁጥር አልነበረውም። ከእህቴ ጋር ማታ ማታ እየዞርን ግድግዳው ላይ ያለውን እያየን ሞልተነዋል፣ የውሃ ታንከሩ ጋር ያለውን የኋላ በርም ጨምረናል፣ አሁን የቀሩን 14 ብሎኮች ናቸው፣ ቅዳሜ ትዕዛዝ ቀለል ካለልኝ እንጨርሳቸዋለን።