ለበጋ ማለዳ የሚሆን የብስክሌት ጓንት፦ የትኛው ይሻላል?

ከኅዳር እስከ ጥር አዲስ አበባ ላይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ብስክሌት ይዞ የሚወጣ ሰው በአንድ ጉዞ ሁለት ወቅት ያያል። ሲነሳ አየሩ 7 ወይም 8 ዲግሪ ሊሆን ይችላል፤ ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ 20 አልፎ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ዝናብ የለም፣ አስፋልቱ ደረቅ ነው። ለዚህ አየር ጓንት ሲፈለግ ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከስሙ ነው። ከውጭ የሚመጣው «የክረምት ጓንት» የተሰፋው ለአውሮፓ ክረምት፣ ለበረዶና ለዝናብ ነው። የእኛ ብርድ የበጋ ብርድ ነው፤ ደረቅ፣ ጠዋት ጠንክሮ ረፋድ ላይ የሚለቅ።

በደረቅ ብርድ እጅን የሚጎዳው ነፋስ ነው። አየሩ 8 ዲግሪ ሆኖ ከእንጦጦ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ሲወረድ፣ የአሜሪካና የካናዳ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤቶች በሚጠቀሙበት ስሌት መሠረት፣ ያልተሸፈነ ቆዳ የሚሰማው ብርድ 3 ዲግሪ ገደማ ነው። ያውም እጅ ፍሬን ላይ ተዘርግቶ፣ የጣቶቹ ጀርባ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበለ። ስለዚህ ለዚህ አየር የሚመረጠው ጀርባው ነፋስ የማያሳልፍ፣ መዳፉ ስስ ሆኖ አየር የሚያስወጣ፣ ገበሩ ቀጭን የሆነ፣ ሲሞቅ ወልቆ ከጀርባ ኪስ የሚገባ ጓንት ነው።

ውኃ የማያስገባውን ወፍራም ጓንት ከምርጫው ማውጣት ይገባል። ውኃ የሚያግደው ሽፋን ላብንም በቀላሉ አያሳልፍም። ዳገት ሲወጣ መዳፍ ያልበዋል፣ ገበሩ ይርሳል፤ ቁልቁለቱ ሲጀመር ያ እርጥበት በነፋሱ ይቀዘቅዛል። ጓንቱ ወፍራም ሆኖ ሳለ ጣት የሚደነዝዘው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላም ችግር አለበት፦ ከላበው እጅ ላይ ሲወልቅ ገበሩ ከጣቶቹ ጋር ተገልብጦ ይወጣል፣ አንዴ ከወጣ በኋላ የትንሿን ጣት ቦታ መልሶ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ግማሽ ጣቱ ጓንት ከ15 ዲግሪ በላይ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በታች ፍሬን የሚይዙት ጣቶች ሳይሸፈኑ ይቀራሉ። የተራራ ብስክሌት ጓንት የሚባለው ሙሉ ጣት አብዛኛውን ጊዜ ጀርባው መረብ ስለሆነ ለረፋድ እንጂ ለንጋት አይሆንም። የሱፍ ሹራብ ጓንት ቆመው ሲያደርጉት ይሞቃል፤ ፍጥነት ሲጨምር ነፋሱ በሹራቡ ቀዳዳ ይገባል። ገንዘብ ማውጣት ለማይፈልግ ግን ስስ የሹራብ ጓንት ከታች፣ ግማሽ ጣቱን ከላይ መደረብ ይሠራል፤ ግማሽ ጣቱ አንድ ቁጥር ሰፋ ካላለ ግን ደም ይይዛል፣ ደም የተያዘበት ጣት ደግሞ ባዶውን ከነበረበት ይበልጥ ይቀዘቅዛል።

ከታወቁት የብስክሌት ጓንት ማርኮች መካከል ለዚህ አየር የሚቀርቡት የካስቴሊ ፔርፌቶ እና የፐርል ኢዙሚ ሳይክሎን ጄል ናቸው። የመጀመሪያው ጀርባው ነፋስ በሚያግድ ጨርቅ የተሸፈነ ቀጠን ያለ ጓንት ነው። የካስቴሊ ልብስ ጠበብ ብሎ እንደሚሰፋ የታወቀ ስለሆነ በለመዱት ቁጥር ተማምኖ ማዘዝ አያዋጣም። ሁለተኛው መዳፉ ላይ ጄል፣ ማለትም ለስላሳ ትራስ ስላለው ጎርበጥባጣ መንገድ ለሚበዛበት ሰው ይመቻል። ማርኩ ምንም ይሁን ምን ግን፣ ፍተሻው አንድ ነው።

ጀርባው ላይ ነፋስ ያግዳል ተብሎ መጻፉ አይበቃም። ጨርቁን ከንፈር ላይ ልጥፍ አድርጎ ሌላኛውን እጅ ከጓንቱ ውስጥ አስገብቶ መንፋት ነው። ትንፋሹ ቆዳ ላይ ከተሰማ የጠዋቱም ነፋስ ያልፋል። ይህን ከእጁ ጀርባ ላይ ብቻ ሞክሮ መተው ያሳስታል፤ አንዳንድ ሰፊዎች የሚከላከለውን ጨርቅ የጣቶቹ መነሻ አንጓ ላይ አቁመው ጣቶቹን በተራ ተለጣጭ ጨርቅ ይጨርሳሉ። ቀድሞ የሚደነዝዘው የጣት ጫፍ ነውና ፍተሻው እስከ ጥፍር ድረስ መሄድ አለበት።

መዳፍ ላይ ያለው ስፖንጅ ወይም ጄል ወፍራም ሲሆን ምቾት የሚጨምር ይመስላል። ነገር ግን መሪው በእጅ ውስጥ ይወፍራል፣ አጥብቆ ለመያዝ ክንድ ይደክማል። ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ዋናው ቦታው ነው። ወደ ትንሿና ወደ ቀለበት ጣት የሚሄደው ነርቭ የሚያልፈው ከመዳፍ ግርጌ፣ በትንሿ ጣት በኩል ስለሆነ ትራሱ እዚያ መቀመጥ፣ የመዳፉ መሃል ግን ባዶ ሰርጥ መሆን አለበት። መሃሉ ላይ ካበጠ የቀሩትን ጣቶች ነርቭ ይጫናል። በጥሩ ጓንትም ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች መደንዘዛቸውን ከቀጠሉ ጥፋቱን ብስክሌቱ ላይ መፈለግ ነው፦ ኮርቻው አፍንጫውን ወደ ታች ደፍቶ ወይም መሪው ከልክ በላይ ዝቅ ብሎ ክብደት እጅ ላይ ጭኖ ይሆናል።

ልክ ለማወቅ የልብስ ሰፊ ሜትር አውራ ጣትን ትቶ በጣቶቹ መነሻ አንጓዎች ዙሪያ ይጠመጠማል። በቁጥር የሚሸጡት ጓንቶች ቁጥራቸው ዙሪያው በኢንች ነው፤ 8 ቁጥር 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጓንቱ ተደርጎ የሚሞከረው ግን እጅ ተዘርግቶ ሳይሆን መሪ እንደያዘ ተጨብጦ ነው። ሲጨበጥ መዳፉ ላይ ጨርቅ ከታጠፈ ሰፍቷል፣ እጥፋቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ውኃ ያስቋጥራል። በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ያለው ቆዳ ከተወጠረ ጠቧል። ጣት ጫፍ ላይ የሚተርፈው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ደግ ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ጫፍ በፍሬኑ እጀታና በመሪው መካከል ይገባል፤ ቁልቁለት ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ስፌቱም ከጣቱ ጫፍ ይልቅ ወደ ጎን ቢወርድ ይመረጣል፤ ጫፍ ላይ ያለ ወፍራም ስፌት ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ይቆረቁራል።

የእጅ አንጓ መያዣው ከጃኬቱ እጅጌ ሥር የሚገባ ርዝመት ይኑረው፣ አለዚያ ነፋሱ በዚያ ክፍተት ይገባል። ቬልክሮ (ተለጣፊ መዝጊያ) ያለው ለማጥበቅ ይመቻል፤ ሆኖም ሹራብና የጃኬት ገበር ይቧጭራል፣ ስለዚህ ዳሩ ሳይተርፍ መዘጋት አለበት። አውራ ጣት ላይ የፎጣ ጨርቅ መኖሩን አትናቁት፤ በብርድ አፍንጫ ይፈሳል፣ መጥረጊያው እሱ ነው።

ጓንት ሙቀት ይይዛል እንጂ ሙቀት አይፈጥርም። ዳገቱን በባዶ እጅ ወይም በግማሽ ጣት መውጣት፣ ጫፍ ላይ ቆሞ እጅን ማድረቅ፣ ጣት ገና ሞቃት ሳለ ነፋስ የሚያግደውን ማጥለቅ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ ማድረግ እንደ ዘገየ መድኃኒት ነው።

ሰልባጅ ተራ ጥሩ ጓንት ይገኛል፤ የሚያታልለው መልኩ ነው። መዳፉ አብረቅርቆ ከለሰለሰ መያዣው አልቋል። ጄሉን በሁለት ጣት ሲጫኑት ተመልሶ ካልተነሳ ደርቋል። ጣቶቹ ላይ ያሉት የሲሊኮን ነጠብጣቦች በጥፍር ሲነኩ ከረገፉ ፍሬን ላይ ያንሸራትታሉ። በጣቶቹ መጋጠሚያ ላይ ስፌቱን ወደ ውጭ ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል፤ ቀድሞ የሚተረተረው እዚያ ነው።

ለማጠብ ለብ ያለ ውኃና ትንሽ ሳሙና ይበቃል፤ ከ30 ዲግሪ አይለፍ፣ የልብስ ማለስለሻም አይግባበት፣ የጨርቁን ቀዳዳ ይደፍናል። ሳይጠመዘዝ በፎጣ ተጠቅልሎ ውኃው ይጨመቃል፣ ጥላ ውስጥ ይሰጣል። ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ሠራሽ ቆዳ ይደርቃል፣ መዳፉም ከመሃል ይሰነጠቃል።