ጫማው በመውጫው በር ሲጠብቅ፦ የላሊበላ መስተንግዶ ሲመዘን

በላሊበላ ለእንግዳ ከሚሰጡት አገልግሎቶች አንደኛ የምንለው የጫማ ጠባቂዎቹን ነው። ሆቴሎቹ፣ አስጎብኚዎቹ፣ ወጥ ቤቶቹና ባለ በቅሎዎቹ ከዚያ በኋላ ይምጡ።

ሥራው ለሚያየው ቀላል ነው። እንግዳው ቤተ መድኃኔዓለም ደጃፍ ላይ ጫማውን ያወልቃል፣ ገብቶ ያያል፣ ሲወጣ ያጠልቃል። ችግሩ አብያተ ክርስቲያናቱ በዋሻና በጠባብ መተላለፊያ የተያያዙ መሆናቸው ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚወጣበት በር የገባበት አይደለም። ጎበዝ ጫማ ጠባቂ እንግዳው ወደ ውስጥ እንደዘለቀ ጫማውን ይዞ በውጭ ይዞርና መውጫው ላይ ይቆያል። አፍንጫቸውን ወደ ደጅ አዙሮ፣ ማሰሪያቸውን አላልቶ፣ ምላሳቸውን ወደ ፊት ስቦ ያስቀምጣቸዋል። ከጨለማ ወጥቶ ፀሐይ ዓይኑን የወጋው ሰው ቁልቁል ሳያይ እግሩን ይሰዳል፣ ጫማው እዚያው ነው። ጉልበት ላነሰው አዛውንት ደግሞ ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ይሰጣል፤ «አንቱ፣ እኔን ይያዙ» ይላል እንጂ ክንድ ጨብጦ አይጎትትም።

አሥርና አሥራ አምስት ሰው ባለበት ቡድን ሥራው ይከብዳል። ልምድ ያላቸው ጥንዶቹን በገቡበት ቅደም ተከተል ይደረድራሉ። ጀማሪው በአንድ ክምር ይሰበስባቸዋል፤ አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው የተራራ ጫማዎች ተቀያይረው የሚገኙት ያኔ ነው። ሌላው የተለመደ ችግር ክፍያ ላይ ነው። ጠዋት የጀመረው ልጅ ከሰዓት በሌላ ይተካል፣ ማታ ሁለቱም እጃቸውን ይዘረጋሉ። መፍትሔው ጠዋት ከመነሳት በፊት በአስጎብኚው በኩል ለሙሉ ቀን ከአንድ ሰው ጋር ተዋውሎ መጨረሻ ላይ አንዴ መክፈል ነው። በየበሩ ሳንቲም የሚያወጣ እንግዳ ራሱም ይደክማል፣ ልጁንም ያስከፋል።

አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በአንድ ቀን የሚያይ ሰው ጫማውን ከአሥር ጊዜ በላይ ያወልቃል፤ ባለ ረጅም ማሰሪያ ቡት ለዚህ አይሆንም። ካልሲ ወፍራም ይሁን። ምንጣፎቹ ውስጥ ቁንጫ አለ፤ ይህን አስቀድሞ የማይናገር ሆቴል እንግዳው ሌሊቱን ሲያክ እንዲያድር ፈርዶበታል። የነፍሳት መከላከያ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠዋት ይቀባል፣ ማታ ካልሲው ተወልቆ ላስቲክ ውስጥ ይታሰራል እንጂ አልጋ ላይ አይጣልም።

ይህን አገልግሎት ቅንጡ ከሚባሉት የባሕር መርከቦች ጋር ማወዳደር ይቻላል። በእነዚያ መርከቦች ለአንድ ወይም ለሁለት መንገደኛ አንድ ሠራተኛ ይደርሳል፤ ሲልቨርሲ የተባለው ኩባንያማ ለእያንዳንዱ ክፍል አሳላፊ ይመድባል። ሻንጣ ይፈታል፣ ጫማ ይወለውላል፣ ምን ዓይነት ትራስ እንደሚወደድ ይጠይቃል። ጉርሻውም በቲኬቱ ዋጋ ውስጥ የተካተተ ነው። መንገደኞቹ ወደ ቤታቸው ተመልሰው የሚያወሩት ግን ስለ ትራሱ ሳይሆን ሁለተኛው ቀን ላይ ሳይጠየቁ ስለቀረበላቸው ቡና ነው። አሳላፊው አንዴ ጠይቆ መዝግቦታል፣ ከዚያ ወዲያ አይጠይቅም። የላሊበላው ጫማ ጠባቂ መዝገብ የለውም፣ ሥራው ግን ያው ነው፤ እንግዳው የት እንደሚወጣ አስቀድሞ ማወቅ።

ሆቴሎቹ ይህን ቢማሩ መልካም ነበር። ከኮቪድና ከጦርነቱ ወዲህ የሰለጠኑ ሠራተኞች ወደ ሌላ ሥራ ስለሄዱ አሁን እንግዳ የሚቀበሉት ብዙዎቹ ጀማሪዎች ናቸው፤ ይህን ግምት ውስጥ አስገብተንም ሁለት ነገር አንምርም።

አንደኛው ሙቅ ውኃ ነው። 50 ሊትር የሚይዝ፣ 1,500 ዋት የሚጎትት ቦይለር ቀዝቃዛ ውኃን በደንብ ለማሞቅ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። እንግዳው ከጉብኝት የሚመለሰው 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከሆነ ማብሪያው መነካት ያለበት 9 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ብዙ ቦታ ግን ማብሪያው የሚበራው እንግዳው «ውኃው ቀዘቀዘ» ብሎ ሲደውል ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መብራት ይሄዳል። እንግዳው በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ለአስጎብኚው ደውሎ የሚጠይቅ ተቀባይ ከማንኛውም አዲስ ቦይለር ይበልጣል። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ሌሊቱ ይበርዳል፤ ማታ አልጋ ውስጥ ሙቅ ውኃ የሞላበት የላስቲክ ከረጢት ማስገባት ትንሽ ወጪ ያለው፣ ብዙ የሚወራለት ነገር ነው። የሚሞላው ግን ሁለት ሦስተኛው ብቻ ነው፤ አየሩ ተጨምቆ ይወጣል፣ ክዳኑ ተጠብቆ ከረጢቱ በጨርቅ ይጠቀለላል። የፈላ ውኃ እስከ አፉ ሞልቶ ራቁቱን አንሶላ ሥር መክተት እግር ያቃጥላል።

ሁለተኛው የአበሻ እንግዳ ጉዳይ ነው። ፈረንጅ ሲመጣ ሦስት ሰው ሻንጣ ለመቀበል ይሮጣል፤ ከደሴ፣ ከወልድያ ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ ቤተሰብ ግን ቁልፉን ተቀብሎ ሻንጣውን ራሱ ሲጎትት ይታያል። ምናሌ የሚሰጠው ዘግይቶ ነው፣ «ምን ልታዘዝ» የሚለውም ዓይኑ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ነው። ቤት ለእንግዳ በሚባልበት ወሎ ይህን ማየት ያሳፍራል፤ ለንግድም አይበጅም። ፈረንጁ በጠፋበት ዓመት አልጋ የሞላው ይኸው የአገሬው ሰው ነበር።

ወጥ ቤት ላይ የሚፈጠረው ስህተት ብዙውን ጊዜ ካለመጠየቅ ይመጣል። ከእንስሳት የሚገኝ ነገር ፈጽሞ የማይበላ የውጭ እንግዳ «ሽሮ» ብሎ ያዝዛል። ረቡዕና ዓርብ ቢሆን ችግር የለም፤ በፍስክ ቀን ግን ሽሮው ቅቤ ገብቶበት ሊመጣ ይችላል። «የጾም ሽሮ» ማለት ያለበት አስተናጋጁ ነው፣ እንግዳው ልዩነቱን ከየት ያውቀዋል? ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ባለው የነቢያት ጾም ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እንቁላል የሚፈልግ እንግዳ ካለ ከአንድ ቀን በፊት ማወቅ ያስፈልጋል፤ መጥበሻውም ይለያል። ለሙስሊም መንገደኛ ጥያቄው ሥጋው የማን ነው የሚለው ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ምግብ ቤቶች ይህ በር ላይ ተጽፎ ይገኛል፣ ላሊበላ ውስጥ ግን ሳይጠይቁ አይገኝም። ጥሩ አስተናጋጅ እንግዳው አፍሮ ዝም ከማለቱ በፊት የጾም በያይነቱን ወይም ለብቻው ድስት የሚሠራ ነገር ያቀርባል። በያይነቱ ሁለቱንም ወገን አንድ መሶብ ላይ ያስቀምጣል፣ የወሎ ሰው ይህን ያውቅበታል።

ስለ እንቁላል ከተነሳ፦ በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ባሕር ዳርቻ የሚኖር ሰው «አራት ደቂቃ ይቀቀልልኝ» ካለ እንደ ቃሉ ማድረግ ያልበሰለ እንቁላል ማቅረብ ነው፤ ደቂቃ ወይም ደቂቃ ተኩል ይጨመርበት።

ቡናው ላይ ሆቴሎች ይቸኩላሉ። ተፈጭቶ ያደረ ቡና በጀበና አፍልቶ ሣርና ረከቦት ማስተካከል ለፎቶ ይሆናል እንጂ ቡና ማፍላት አይባልም። ቡናው እንግዳው ፊት ይታጠባል፣ ይቆላል፤ ጭሱ ሲወጣ ምጣዱ ወደ እያንዳንዱ ሰው ቀረብ ይደረጋል። ከዚያ ይወቀጣል፣ ይፈላል። ጀበናው ከእሳት ሲወርድ ማቶቱ ላይ ጋደም ብሎ ካልሰከነ አተላው ሲኒ ውስጥ ይወርዳል፤ የአብዛኛው ቅሬታ ከዚህች ከተዘለለች ጥቂት ደቂቃ ነው የሚመጣው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ከአንድ ሰዓት አያንስም። አውሮፕላን ለመያዝ ግማሽ ሰዓት የቀረውን ሰው አስቀምጦ ከአቦሉ ማስነሳት ደስ አይልም፤ ለእሱ አንድ ሲኒ ብቻ ማቅረብ ይሻላል። ዕጣን ከመጨሱ በፊት አስም ያለበት ሰው እንዳለ ይጠየቅ። ስኳርም እንደዚሁ፤ ሳይጠይቁ ሁለት ማንኪያ መጨመር የደግነት ምልክት የነበረበት ዘመን አልፏል።

አስጎብኚዎቹ በእውቀት አይታሙም። የመጀመሪያዎቹን ስድስት አብያተ ክርስቲያናት ጠዋት፣ አራቱን ከሰዓት፣ ቤተ ጊዮርጊስን ደግሞ ፀሐይ ዘንበል ስትል ማሳየት ጥሩ አካሄድ ነው። በሮቹ ጠዋት ከ2 እስከ 6፣ ከሰዓት ከ8 እስከ 11 ሰዓት ገደማ ክፍት ስለሚሆኑ ጠዋት አርፍዶ የወጣ ቡድን መሃል ላይ ይቆረጥበታል። ጥሩውን ከመካከለኛው የሚለየው መጥፎ ዜናን በሰዓቱ መናገሩ ነው። ቤተ ጎልጎታ ሴት አይገባበትም። ይህን ጠዋት ቁርስ ላይ የሰማች ሴት ትቀበለዋለች፤ በሩ ላይ፣ ባሏ ጫማውን ካወለቀ በኋላ የሰማችው ግን ቀኑን ሙሉ አትረሳውም። ሐይቅ እስጢፋኖስም እንዲሁ ነው፤ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ የመጣች እንግዳ ወንዶች ብቻ የሚገቡበት ገዳም መሆኑን ጀልባ ላይ ከመውጣቷ በፊት ልትሰማ ይገባል። ከሰዓት በሚታዩት በአራቱ አብያተ ክርስቲያናት በኩል ያለው የጨለማ ዋሻ ደግሞ ጠባብ ቦታ ለሚፈራ ሰው ፈተና ነው። መብራት አጥፍቶ መሄድ የጉብኝቱ አንድ አካል ቢሆንም አስቀድሞ ጠይቆ፣ ለማይደፍረው በውጭ የሚያዞረውን መንገድ ማሳየት የአስጎብኚው ፋንታ ነው። በደረሱበት ቀን ከሰዓት ደግሞ ረጅም ዳገት አይታዘዝም፤ ከባሕር ጠለል የመጣ ሰው ደረጃ ሲወጣ እንኳ ትንፋሽ ያጥረዋል።

አሸተን ማርያም ከ3,000 ሜትር በላይ ነች፤ በበቅሎ የሚሄድ ሰው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቢነሳ ፀሐዩን ያመልጣል። ባለ በቅሎው እንግዳውን ካስቀመጠ በኋላ እርካቡን በእግሩ ልክ ማሳጠር ወይም ማስረዘም አለበት፤ ብዙዎቹ ይህን ይዘሉታል፣ ጉልበት የሚታመመውም ለዚህ ነው። ከጥቂት ደቂቃ ዳገት በኋላ ቆሞ ጠፍሩን መልሶ ማጥበቅ ግድ ነው፤ በቅሎዋ ስትጫን ሆዷን ትነፋና ኋላ ኮርቻው ይላላል። ቁልቁለቱን በእግር መውረድ ይሻላል። «ችግር የለም፣ ተቀመጥ» የሚል ባለ በቅሎ ቢያጋጥም አለመስማት ነው።

ገና ሲደርስ ይህ ሁሉ ይቀየራል። የአልጋ ዋጋ ይሰቀላል፣ አንዱን ክፍል ለሁለት ሰው የሸጠ ሆቴልም አይጠፋም፤ ስለዚህ ቅድሚያ ክፍያ የተቀበለውን ሰው ስም የያዘ ደረሰኝ በእጅ መኖር አለበት። ታኅሣሥ 29 ንጋት ላይ ካህናቱ ቤተ ማርያም ቅጥር ላይ ሆነው «ቤዛ ኩሉ» ሲሉ ለማየት ቦታ የሚያዘው በሌሊት ነው፤ የሆቴሉ ቁርስ ያኔ በላስቲክ ታስሮ መሰጠት ይኖርበታል። በዘመነ ዮሐንስ ቀኑ 28 ላይ እንደሚውል የማያውቅ ወኪል እንግዳውን አንድ ቀን አዘግይቶ ያመጣዋል።

በዚያ ሰሞን ከተማዋ ውስጥ ያለው ምርጥ አገልግሎት በገንዘብ የሚገዛ አይደለም። ከላስታ፣ ከዋግና ከሌላው አገር ቀናት በእግር ተጉዘው የሚመጡትን ምእመናን የከተማው ወጣቶች መግቢያው ላይ ይጠብቋቸዋል። በእንጨት እሳት የሞቀ ውኃ በሳፋ ይቀርባል። ሙቀቱ ለብ ያለ ነው፤ የተሰነጠቀ ተረከዝ ትኩስ ውኃ አይችልም። ወጣቱ ተንበርክኮ መጀመሪያ አቧራውን ያለቅቃል፣ ቀጥሎ በሳሙና ጣቶቹን አንድ በአንድ ያሻል፣ ሲጨርስ ያደርቃል። ውኃው ከጠቆረ ተደፍቶ በሌላ ይተካል። እማሆይም ትሁኑ ወታደር፣ ማን ነዎት የሚል የለም፤ «እግርዎን ያምጡ እማማ» ብቻ ነው። ካሜራ ይዞ የሚሄድ ጎብኚ ሳይጠይቅ ባያነሳ ይመረጣል። ሳሙናና ፎጣ ግን ሁልጊዜ ያልቃል፤ አንድ ካርቶን ይዞ ለመጣ ሰው ቦታ ይለቀቅለታል።